በሚካኤል ዕለት የረገጥኩት ምንጣፍ

በእኛ አገር ልብስ የሚያጥበው ወንድ ነው። ይህን ለከተሜ ሳወራ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ጋቢውንም፣ ቡሉኮውንም፣ የሚስቱንም ቀሚስ ተሸክሞ ወንዝ የሚወርደው፣ እንዶድ ወቅጦ አረፋውን ካወጣ በኋላ በባዶ እግሩ ድንጋይ ላይ የሚረግጠው አባወራው ነው። ሴት ወንዝ ወርዳ ስትረግጥ ከታየች ባሏ ወይ ታሟል ወይ ሞቷል።

እኔን መርገጥ ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ነበሩ። ላህ ወንዝ ዳር ቆመው «በተረከዝህ አትምታው፣ ጥጡን ትገድለዋለህ» እያሉ ይቆጡኝ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ሚስታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ማንንም ሳይለምኑ ራሳቸው ይረግጡ ጀመር። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ብቻ። እርሻቸውን ሰፈሩ በደቦ ያርስላቸዋል፣ በደቦ ያጭድላቸዋል። ጋቢ ለመርገጥ ግን ደቦ አይጠራም። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ብቻቸውን ወንዝ ውስጥ ሲቆሙ መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ ያያቸው ነበር።

እኔ ደግሞ መርገጥ እንጀራ ይሆነኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። አዲስ አበባ ሄጄ አራት ዓመት አንድ ላውንደሪ ቤት ስሠራ ነው ምንጣፍና ሶፋ ማጽዳት የተማርኩት። አባቴ ታመመ ተባልኩና ለሁለት ሳምንት ብዬ መጣሁ። አባቴ ሞተ፣ እናቴ ብቻዋን ቀረች። ያን ጊዜ መሬቱን ጥሎ ከተማ የገባ ሰው መሬቱ ለሌላ ይሰጥበታል ይባል ነበር፤ ሲሰጥም አይተናል። እናም ሁለቱ ሳምንት ስንት ዓመት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ፍኖተ ሰላም በዚያ ዘመን እየሰፋች ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ የበርበሬና የበቆሎ ነጋዴዎች፣ አንዳንድ ሹሞችም፣ መስኮታቸው የሚያብረቀርቅ ቤት ሠሩ። ጧት በመኪና ቡሬ ሄደው ይውላሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። እኛ ቪላ ሰፈር እንለው ነበር። ሶፋውንም ምንጣፉንም ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና አስመጡ፤ እንዴት እንደሚጸዳ ግን የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ነጋዴ የሶፋውን መቀመጫ ገፎ ለገበሬ ዘመዱ «እጠብልኝ» ብሎ ሰጠው። ዘመድ ሆዬ ወንዝ አውርዶ በእንዶድ ረገጠለት! ስፖንጁ ወንዙን ጠጥቶ ጠጥቶ በአሥር ቀኑም አልደረቀ። እንግዳ ቁጭ ባለ ቁጥር ከሥሩ ውሃ ይወጣ ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ ነው እኔን ማፈላለግ የጀመሩት።

ሶፋ አይነከርም። መጀመሪያ ጨርቅ በተጠቀለለ ዱላ አቧራውን ታራግፋለህ፤ ከዚያ የሳሙናውን ውሃ ትመታና አረፋውን ብቻ በብሩሽ እያነሳህ ታሸዋለህ፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ትመጥጠዋለህ። ቀላል ይመስላል። ሥራው አልነበረም የሚከብደኝ፤ ሳሎኑ ነው። መጋረጃው ተዘግቶ፣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ፣ የቤቱ እመቤት ደግሞ ከላይ ቁጭ ብላ «እዚያ ጋ! እሱን ዘለልከው!» ትላለች። ከመግባቴ በፊት እግሬን በረንዳው ላይ ያስታጥቡኛል። ቆሻሻቸውን ላወጣ ሄጄ ቆሻሻው እኔው ሆኜ ቁጭ! ከዚያ ወጥቼ ሰፈሬ ስገባ ደግሞ «ኧረ ባለ ሶፋው መጣ» እያሉ ያሾፉብኛል። ወደዚያም አልሆንኩ፣ ወደዚህም አልሆንኩ።

ከሁሉ የሚያጣብቀኝ ግን የበዓሉ ነገር ነበር። በእኛ ደብር በዓል ከሚሆነው ቀን ይልቅ የማይሆነውን መቁጠር ይቀላል። አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ በየወሩ። በእነዚህ ቀን አይታረስም፣ አይወቀጥም፣ አይታጠብም። አንድ ሰው በዓል ከሻረ በረዶው እሱን ለይቶ አይመታም፤ ያገሩን ሁሉ አዝመራ ነው የሚያወርደው። ቪላ ሰፈሮች ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። ያውቃሉ። ግን የሚመታ አዝመራ የላቸውም።

አንድ መስከረም፣ ዓርብ ቀን፣ የአንድ የበርበሬ ነጋዴ ሚስት አስጠራችኝ። እሑድ ልጇን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ሶፋው መጽዳት አለበት። ከጧት ጀምሬ ስሠራ ዋልኩ። የመጨረሻውን ወንበር ልጨርስ ወደ ኋላ ሸርተት ስል ባልዲውን መታሁት። የሁሉም ሶፋ እድፍ የተጠራቀመበት ጥቁር ውሃ ነው፤ ወተት በመሰለው ምንጣፍ ላይ እስከ መሐል ድረስ ፈሰሰ።

«አበስኩ ገበርኩ!» ብላ ብድግ አለች። «ምን አደረግኸኝ!»

«ሰኞ ወንዝ አውርጄ እንደ ነበረ አድርጌ አመጣዋለሁ» አልኳት።

«ሰኞ? እሑድ ሽማግሌዎቹን ምን ላይ ላሳርፋቸው? ነገ አጥበህ ታመጣለህ።»

«ነገ ሚካኤል ነው፣ እመቤቴ። ቅዳሜም ነው። ድርብ በዓል።»

«ሚካኤል ይቅር ባይ ነው። የሽማግሌዎቹን ግን አላውቅም» አለችኝ። ቀጥላም ምንጣፉ ነገ ካልደረሰ በዚያ ሰፈር ሁለተኛ የማንም በር እንደማይከፈትልኝ ነገረችኝ። የምትለውን የምታደርግ ሴት ናት።

ማን አስገደደህ ትሉኝ ይሆናል። ማንም። ባልዲውን የመታሁት እኔ ነኝ። ያን ሥራ ካጣሁ ደግሞ አንዲት ጥማድ መሬትና እናቴ ብቻ ነው የሚቀሩኝ። እዚያው በረንዳ ላይ እግሬን እያደረቅሁ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ምንጣፉን ጠቅልዬ፣ በጆንያ ሸፍኜ፣ በአህያ ጭኜ ከድልድዩ በታች ወንዙ ጠምዘዝ የሚልበት ቦታ ወረድኩ። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ነው፣ ማን ያየኛል ብዬ። የማኅሌቱ ከበሮ እስከ ወንዙ ይሰማኝ ነበር። በእንዶድ አልደፈርኩም፤ የዱቄት ሳሙና ነስንሼ ረገጥኩት። የምንጣፍ ክር ውሃ ሲይዝ ይከብዳል፣ እግር ይይዛል፤ አንዱን እግሬን ሳነሳ ሌላው ይቀበራል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሚካኤልን ይቅር በለኝ እያልኩ፣ በዚያው አፌ ደግሞ ፀሐይ አውጣልኝ እለው ነበር።

ፀሐይ አወጣልኝ። ምንጣፉን ጠቅልዬ እላዩ ላይ ቆሜ ውሃውን አስወጣሁና የነጋዴው ቤት የጓሮ አጥር ላይ ዘረጋሁት። እስከ ስምንት ሰዓት ላይ ላዩ ደረቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በጅጋ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ምንጣፉን ጎትቼ በረንዳ ከማስገባቴ በረዶው ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲንኳኳ አንዳችን የሌላችንን ድምፅ አንሰማም። እመቤቲቱ ጆሮዬ ላይ «እንኳን አስገባኸው!» ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ግን በሰፈሬ በኩል የጠቆረውን ሰማይ አይ ነበር።

ሰፈሬ ስደርስ ለመቅላት የደረሰው በርበሬ ከነግንዱ ተሰባብሮ ተኝቷል። ጤፉ ተነጥፏል። የእኔም በርበሬ አልቀረልኝ፤ ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። እናቴ ማሳው ዳር ቆማ «ማነው እንዲህ ያስደረገን? እጁን ይቁረጠው!» ትላለች። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ሰኞ ጧት ጥሩምባ ተነፋ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚውልበት የጥንት ዳኝነት ነው። ከመንግሥት ሕግ ቀርቷል ይባላል፤ የቀበሌው ሰዎች ያን ቀን እንዳልሰሙ ሆኑ። ሁላችንም ወንድ ሴት ሳይባል ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። የሰፈሩን ነገር የሚዳኙት ሽማግሌ በበትራቸው ተደግፈው ቆሙና «በሚካኤል የሠራ እጅ አለ። ያ እጅ እስኪወጣ ከዚህ በር የሚወጣ የለም፣ እህል ውሃ የሚቀምስ የለም» አሉ። በሩ ላይ ሁለት ጎልማሶች ዱላ ይዘው ቆሙ።

አንድ በአንድ እየተነሳን የቄሱን መስቀል እየተሳለምን ቅዳሜ የት እንደዋልን ተናገርን። ተራዬ ሲደርስ «ከተማ ነበርኩ» አልኩ።

«ምን ስትሠራ?»

«የእሑድ እንግዳ ለሚመጣበት ቤት ዕቃ ስናሰናዳ።»

ውሸት አይደለም። መስቀሉን ተሳልሜ ተቀመጥኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔም ዝም ካልኩ ቀኑ ያልፋል፣ ሰው ይርበዋል፣ ይበተናል ብዬ ነበር። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ አሮጊቶች ግንቡ ጥላ ሥር ተጠጉ፣ ማንም አልተበተነም። በሩን ባየሁ ቁጥር ሁለቱ ጎልማሶች እኔን የሚያዩ ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ተነሳች። «እኔ በሰው ላይ መናገር አልወድም፤ ግን ቅዳሜ ማታ፣ በረዶው ካባራ በኋላ፣ እሳቸው አጥር ላይ ጋቢ ተሰጥቶ ውሃው ሲንጠባጠብ አይቻለሁ» አለች። ጣቷ ወደ እትዬ ነው።

ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬ ተነሱ። «ጋቢውን የረገጥኩት ዓርብ ጧት ነው። ዓርብ በዓል አይደለም። ወፍራም ነው፣ አልደርቅ አለኝ፣ ቅዳሜ አጥር ላይ እንዳለ በረዶው መጣበት» አሉ። እውነታቸውን እንደሆነ በዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ድርብ ጋቢ፣ በመስከረም፣ ዓርብ ታጥቦ ቅዳሜ አይደርቅም። ያሻህን ብታደርገው አይደርቅም። በዓሉን ማን እንደሻረም አውቃለሁ።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ግቢውን ዞር ዞር ብለው ሲያዩ እኔ ላይ ቆሙ።

«አንተ» አሉኝ። «ሥራህ ይህ አይደለም ወይ? እስቲ ንገረን። ዓርብ ጧት የታጠበ ጋቢ እስከ ቅዳሜ ከሰዓት ሳይደርቅ አጥር ላይ ይቆያል?»

«ይቆያል» ብል በቃ፣ እትዬ ነፃ ናቸው። ግን «ታዲያ ማነው?» ይመጣል፤ መጠየቁ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ሁለተኛ ተነስቼ ከተማ ምን ስሠራ እንደዋልኩ መናገሬ ነው። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። በዓል የሻረ ሰው ከነቤቱ እሳትና ውሃ ይከለከላል፤ ቅጣቱ ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለእሷም ነው።

«እንደ ፀሐዩ ነው» አልኩ።

«ዓርብ ፀሐይ አልነበረም?»

«ነበር።»

ይኸው ነው። ሁለት መልስ፣ ሁለቱም እውነት። ደመናው ከእኩለ ቀን በኋላ እንደገባ አልተናገርኩም፣ ስለ ድርብ ጋቢም አልተናገርኩም። ከፈረስ ቤት ከተማ መጥተው በደብሩ የሚያስተምሩት የኔታ ብቻ «ልጄ፣ ጨርሰሃል?» አሉኝ። «ጨርሻለሁ የኔታ» አልኳቸው። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቄሱ እትዬን ለመኗቸው። «አጥፍቻለሁ በይ፣ ንስሐ ልስጥሽና ዛሬውኑ ይለቅ» አሏቸው። እውነትም ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። እትዬ ግን «ያላደረግሁትን አላምንም አባቴ» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም አልቀነሰም። ሽማግሌው በትራቸውን ምድር መቱና እስክታምን ድረስ እሳት የሚጭርላት፣ ውሃ የሚቀዳላት፣ ደቦ የሚወጣላት እንዳይኖር ብለው ፈረዱ። በሩ ተከፈተ። ሰው ለመውጣት ተጋፋ፤ እኔም ተጋፋሁ።

ክብሪት እኮ በየሱቁ አለ። እሳት መከልከል ማለት ክብሪት ማጣት አይደለም፣ ደጅህ ላይ ሰው አለመቆሙ ነው። ሁለቱ ልጆቻቸው ምንጭ ሲወርዱ ሌሎቹ እንስራቸውን አንስተው ፈቀቅ ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ አጠገባቸው የሚቆም የለም። ከበረዶው የተረፈችው ትንሿ በርበሬ ቀላች፣ ለቃሚ አጣች፣ ባለችበት ደርቃ ረገፈች። ዳጉሳው ደረሰ፣ አጫጅ አልመጣም። እትዬ ብቻቸውን ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ ከደጄ ይታዩኝ ነበር። ማጭዴ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። አንድ ቀን አውርጃት ነበር። መልሼ ሰቀልኳት።

የቄሱ ደጅ ሁለት ጊዜ ደርሻለሁ። አንደኛው ጊዜ እንግዳ ነበራቸው። ሁለተኛው ጊዜ ብቻቸውን ነበሩ፣ «ምነው ልጄ?» አሉኝ፣ የእናቴን ወገብ ሕመም አወራሁና ተመለስኩ። እናቴ ደግሞ ማታ ማታ «እኒያ ሴትዮ ምን ዓይነት ልብ ነው ያላቸው? ማመን አይሻላቸውም?» ትለኛለች። «እኔ ምን አውቃለሁ» እላታለሁ። እንዴት እንደምጠላት! ኧረ እሷን አይደለም፣ ራሴን።

ሥራው በዚያ ላይ ተትረፈረፈ። ለጋብቻ የመጡት ሽማግሌዎች በምንጣፉ ተደስተው፣ ልጂቱም ታጭታ፣ እመቤቲቱ ለቪላ ሰፈር ሁሉ «እንደሱ ያለ የለም፣ በበዓል እንኳ አያሳፍርም» ብላ አወራችልኝ። አበስኩ ገበርኩ፣ በበዓል! ወሬው ከዳገቱ ወርዶ ሰፈሬ እንዳይደርስ በየቤቱ የጠሩኝን ሁሉ እሺ እላለሁ። እምቢ ያልኩት ሰው ተቀይሞ አፉን የሚከፍት ይመስለኛል። በሳምንት ስድስት ሶፋ አጠብ ነበር። እጄ በሳሙና ተላጠ።

ኅዳር ሲገባ እትዬ ቡሬ ገጠር ወዳለው ወንድማቸው ሊሄዱ ነው ተባለ። በአንድ ማክሰኞ ጧት ወደ ሥራ ስወጣ መንገዱ ላይ አገኘኋቸው። አህያው ላይ እንስራ፣ አቁማዳ፣ የተጠቀለለ ቁርበት ተጭኗል። ልጆቹ ቀድመው ሄደዋል። የሚሸኝ ሰው አልነበረም። ባልዲዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«እትዬ» አልኳቸው፤ ቃሉ ሳላስበው ወጣ። «በሚካኤል ያጠብኩት እኔ ነኝ። ምንጣፍ ነው። እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ከማን ሰምተው?» አልኳቸው።

«ቅዳሴ ስሄድ ከድልድዩ ላይ አይቼሃለሁ። ልጆቹም አይተውሃል፤ እንዳይናገሩ ነግሬያቸው ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ? ምነው አላወጡኝም? እኔ እኮ እርስዎን…»

የአህያውን ጭነት አጠበቁ። «ሰው ፊት ላዋርድህ አልወደድኩም። ደግሞ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነው» አሉ። «ሽማግሌው አንተን ሲጠይቁህ እኮ እፎይ ብዬ ነበር። አሁንማ ይናገራል አልኩ። ፍርዱ ከተፈረደ በኋላም፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ፣ አፍ አፍህን ሳይ ነበር።»

«አሁን ሄጄ እናገራለሁ። አሁኑኑ። ይቆዩኝ።»

«አሁንማ አህያው ተጫነ» አሉኝ። «እናትህን ደኅና ሁኚ በልልኝ፤ ደጇ ላይ ቆሜ ልሰናበታት አልቻልኩም።»

ሄዱ። መታጠፊያው ላይ እስኪሰወሩ ቆሜ አየኋቸው። በግራዬ ወደ ቄሱ ቤት የሚወስደው መንገድ ነው፣ በቀኜ ቪላ ሰፈር። ያን ጧት ለሦስት ሰዓት ቀጠሮ ነበረኝ፤ ባለ ሰባት መቀመጫ ሶፋ። ባልዲዬን አነሳሁና ሄጄ አጠብኩት።